ቤት ላለ ኮምፒውተር አንቲቫይረስ መግዛት ያስፈልጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ፣ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ከሱቁ ሳይወጣ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «አንቲቫይረስ ይጫንበት?» ብዙው ሰው እሺ ይላል። ይከፍላል፣ ይጫንለታል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን ይረሳዋል። ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። መልሱ ለቤት ኮምፒውተር ነው፤ ለተማሪ፣ ለቤተሰብ፣ ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍላችሁን ስሙ።

በአጭሩ፣ አንቲቫይረስ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋችኋል። ግን አላችሁ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አብሮት መጥቷል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ማይክሮሶፍት ነፃ አንቲቫይረስ ሲያወጣ ለብቻው አውርዶ መጫን ግድ ነበር። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ግን ከዊንዶውሱ ጋር አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዊንዶውስ ያለ አንቲቫይረስ የሚቀረው ሰው ወይም ቫይረስ ሲያጠፋበት ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ልግዛ ወይ?» የሚለው ነው። የኔ መልስ፦ ለቤት ኮምፒውተር አትግዙ። ገንዘብ ካላችሁ ለፋይላችሁ ቅጂ ማስቀመጫ የሚሆን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ሃርድ ዲስክ ግዙበት። ያላችሁን አንቲቫይረስ ደግሞ ማንም እንዳያጠፋባችሁ ጠብቁት። እኔ ካየኋቸው የተበላሹ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ችግራቸው አንቲቫይረስ ማጣት አልነበረም፤ ያላቸው አንቲቫይረስ ጠፍቶባቸው ነበር።

ነፃ ነገር ከሚከፈልበት እኩል ይሆናል?

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደካማ ነበር። በ2012 ኤቪ ቴስት የተባለው የጀርመን መርማሪ ተቋም የምስክር ወረቀት እስከመከልከል ደርሶ ነበር። «የዊንዶውሱ አይረባም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በዚያው ተቋም ፈተና ዲፌንደር ከሚከፈልባቸው ጋር ከላይኛው ረድፍ ላይ ይሰለፋል።

አንድ ድክመቱን ግን ልንገራችሁ፤ በተለይ እኛን ይመለከታል። ዲፌንደር ብዙ የሚተማመነው በኢንተርኔት ነው። አጠራጣሪ ፋይል ሲያጋጥመው ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ጠይቆ ነው የሚወስነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ወይም አዲስ ፋይል ስትከፍቱ ዋይፋዩ ወይም ዳታው ክፍት ይሁን። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ለጥንቃቄ ብሎ ኢንተርኔቱን ዘግቶ ፍላሹን ይሰካል።

ከዚያ በላይ የሚሸጠው ነገር በአብዛኛው ጭማሪ ነው፤ ቪፒኤን፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ። ከፈለጋችሁት ጥሩ ነው፤ ግን ቫይረስ ከመያዝ ጋር ብዙ አይገናኝም።

ጉግል በ2015 ያወጣው አንድ ጥናት ነበር። የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዎችንና ተራ ተጠቃሚዎችን ራሳችሁን ለመጠበቅ ዋና ዋና የምታደርጉት ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ከተራ ተጠቃሚዎቹ 42 በመቶው አንቲቫይረስን ጠቀሱ። ከባለሙያዎቹ የጠቀሱት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ባለሙያዎቹ ያስቀደሙት አፕዴትን ነው።

ዲፌንደር እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ስታርትን ተጭናችሁ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉ። ሲከፈት «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» የሚለው ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ ደህና ነው። ግን እዚያ አትቁሙ። ሦስት ነገር እዩ።

መጀመሪያ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» የሚለው በርቷል? ቀጥሎ የመጨረሻው አፕዴት መቼ ነው? ከሳምንት በላይ ካለፈው ያልሰማው ብዙ አዲስ ነገር አለ።

ሦስተኛውን ማንም አያየውም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ወደ ታች ስትወርዱ «ኤክስክሉዥንስ» የሚባል ዝርዝር አለ። አንቲቫይረሱ አልፎ እንዲሄድ የታዘዘባቸው ቦታዎች ናቸው። በጤነኛ የቤት ኮምፒውተር ይህ ዝርዝር ባዶ መሆን አለበት። ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያሠራ የተሰበረ ቅጂ) የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፎልደር ይገኝበታል፤ አንዳንዴም ሲ ድራይቭ ሙሉውን። እንዲህ ከሆነ አረንጓዴው ምልክት በርቶ እያለ አንቲቫይረሱ ምንም አያይም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛችሁ ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት። የማታውቁት ነገር ካለ አጥፉት።

በግል ኮምፒውተራችሁ ላይ «በአስተዳዳሪ የሚመራ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ካያችሁም ጠርጥሩ። ወይ ኮምፒውተሩ የድርጅት ነበር፣ ወይ አንድ ሰው በትእዛዝ ዘግቶታል።

ዳታ እንዳይበላብኝ አፕዴት አጥፍቻለሁ። ችግር አለው?

አለው። በጣም።

ዳታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ወር ሳይሞላ ጥቅል ያለቀበት ሰው ዊንዶውስ አፕዴትን ጠላት አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን በ2017 የሆነውን አስቡ። ማይክሮሶፍት መጋቢት አካባቢ የአንድ የዊንዶውስ የደህንነት ቀዳዳ መድፈኛ አፕዴት አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆለፈ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መለሱ። ማንም ምንም መክፈት አላስፈለገውም፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትዎርክ ይዛመት ነበር። ያንን አፕዴት የጫነ ኮምፒውተር ግን በኔትዎርክ አልተያዘም።

ዳታ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። አፕዴቱን ከማጥፋት ይልቅ ለተወሰኑ ቀናት አዘግዩት፤ ዊንዶውስ ራሱ ይፈቅዳል። ከዚያ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ አሳድሩት። ወይም ዋይፋይ ያለበት መሥሪያ ቤት ወይም ግቢ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። ኢንተርኔት ጭራሽ ለማይገባለት ኮምፒውተር ደግሞ የዲፌንደርን አፕዴት ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ሙሉው ፋይል ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ከማይክሮሶፍት ብቻ አውርዱ፤ ቴሌግራም ላይ ከተለጠፈ አትንኩት።

ፍላሼን ፕሪንት ቤት ሰክቼ ስመለስ ፎልደሮቼ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ። ፋይሎቼ ጠፉ?

አልጠፉም። ይህንን ደብል ክሊክ ከማድረጋችሁ በፊት እያነበባችሁት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተራችሁም ሳይተርፍ አይቀርም።

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲዎቹ አጠገብ ያሉ ፕሪንት ቤቶችን አስቧቸው። በአንድ ቀን ስንት ተማሪ ፍላሹን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል? አንዱ የያዘው ቫይረስ ለሁሉም ይዳረሳል። የጥናት ጽሑፍ ማስረከቢያ ሰሞን ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል፣ ባለቤቱም ስካን ለማድረግ ጊዜ የለውም።

ቫይረሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቃል። በእነሱ ቦታ ስማቸውንና መልካቸውን የያዘ ሾርትከት ያስቀምጣል። እናንተ ሾርትከቱን ስትከፍቱ ቫይረሱ ይነሳል፤ ምንም እንዳትጠረጥሩም ፎልደሩን ይከፍትላችኋል። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳ ቫይረስ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ያንን በር ዘጋው፤ በ2011 ደግሞ ለቀደሙት ዊንዶውሶችም ዘጋላቸው። ቫይረሶቹ ወደ ሾርትከት የዞሩት በዚህም ምክንያት ነው። የኛ ክሊክ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ክሊክ አታድርጉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ገብታችሁ የተደበቁ ፋይሎችን አሳዩኝ በሉት። ካልታዩ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት አንሱ። ትክክለኛዎቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ። ሰነዶቻችሁን ብቻ ወደ ኮምፒውተር ኮፒ አድርጉ፤ ሾርትከቶቹንና ስሙ በኢኤክስኢ (.exe) ወይም በቪቢኤስ (.vbs) የሚያልቅ ነገር ተዉት። ዲፌንደር ስካን ያድርጋቸው። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። ስትጨርሱ ያነሳችሁትን ምልክት መልሱ።

እዚያው «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ለዘለቄታው አብሩት። የፎልደር ምስል ያለው ግን ስሙ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ነገር ካያችሁ ቫይረስ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ፕሪንት የሚደረገውን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለፕሪንት ቤቱ ላኩለት። አይሆንም ካላችሁ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን፣ ሌላ ምንም ያልያዘ ትንሽ ፍላሽ ይኑራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው በዚያው ፍላሽ ላይ ብቻ የሆነ ተማሪ ሳይ በጣም እጨነቃለሁ።

ፕሮግራም ስጭን «መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፋ» ይለኛል። ላጥፋው?

አታጥፉት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ መልስ ብቻ አንብባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

እኛ አገር ሶፍትዌር ገዝቶ መጠቀም ከባድ ነው። ዋጋው በዶላር ነው፤ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መክፈል ለብዙ ሰው አይሳካም። ስለዚህ ኦፊሱም፣ ፎቶሾፑም፣ ዊንዶውሱም በክራክ ይጫናል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ክራክ የሚያዘጋጁ ሰዎች በነፃ አይደክሙም፤ ብዙዎቹ ትርፋቸውን የሚያገኙት አብረው ከሚያስገቡት ነገር ነው። እናንተ ደግሞ አንቲቫይረሱን በገዛ እጃችሁ ዘግታችሁ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሰጥታችሁ ታስገቡታላችሁ። በጠራራ ፀሐይ በር ከፍቶ ሌባን እንደ ማስተናገድ ነው። በሚሊዮን ብር የተገዛ አንቲቫይረስ እንኳ ሲጠፋ አይሠራም።

የሚገባው ነገር ምን ሊሆን ይችላል? አንደኛው ፋይል ቆላፊ ነው። ስቶፕ ወይም ዲጃቩ የሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ ዋና መንገዱ ክራክና የፈቃድ ቁልፍ ማመንጫ ነው፤ ዒላማውም ኩባንያ ሳይሆን እንደኛ ያለ የቤት ተጠቃሚ ነው። ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ የትምህርት ፋይሉን ቆልፎ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈላችሁ 490 ነው ይላል። ብዙ ዝርያውን ያለ ቁልፉ መፍታት አይቻልም። የሠርግ ፎቶ፣ የሞተ አባት ድምፅ፣ የሁለት ዓመት ጥናት እንዲህ ይቀራል።

ሁለተኛው ዝም ብሎ የሚሰርቅ ነው። ሬድላይን እና ሉማ የዚህ ዓይነት ናቸው። ምንም ምልክት አያሳዩም። ብራውዘሩ ላይ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል በሙሉ ይወስዳሉ። ከዚያም ብሶ አንድ ጊዜ ገብታችሁ የቆያችሁበትን ማስረጃ፣ ኩኪ የሚባለውን፣ ይወስዳሉ። ሌባው ያንን ሲይዝ የይለፍ ቃልም ሆነ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራምም አይቀርለትም። በ2025 ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በሁለት ወር ጊዜ ብቻ፣ ማይክሮሶፍት በሉማ የተያዙ ከ394 ሺህ በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ለይቷል። «ቴሌግራሜ ተጠለፈ፣ በስሜ ገንዘብ እየጠየቁ ነው» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች፣ ኮምፒውተራቸውን ሳይ በቅርብ የተጫነ ክራክ የማገኝባቸው አሉ።

አማራጭ የለም ማለት ደግሞ ልክ አይደለም። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ ነፃ ነው፤ የወርድና የኤክሴል ፋይልም ይከፍታል። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ራሱ በብራውዘር በነፃ ይሠራል። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለሥዕል ክሪታ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው እትም አለ። አማርኛ ለመጻፍ ብለው ከየትም የተገኘ ፋይል የሚጭኑ ሰዎች አሉ። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ላንጉጅ ሴቲንግ ገብታችሁ ጨምሩት። ሌላ አጻጻፍ የለመዳችሁ ኪማንን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፤ እሱም ነፃ ነው።

ዊንዶውሱንስ? ያለ ክራክ እንዴት ይሆናል?

ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም። ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ የዴል፣ የኤችፒ፣ የሌኖቮ ላፕቶፖች ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ የተሠሩ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። በሌላ አባባል የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎበታል። ሱቁ በክራክ ፎርማት ሲያደርገው ያንን ፈቃድ ሳይጠቀምበት ነው የሚያልፈው።

መፍትሔው ንጹሕ ዊንዶውስ መጫን ነው። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን አውርዱ፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ይፈልጋል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሲጫን የምትመርጡት እትም ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰል፤ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ። ኢንተርኔት ሲያገኝ በአብዛኛው ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ጥገና ቤት የምትወስዱት ከሆነም ይህንኑ ጠይቁ። «ኦሪጂናል ፈቃዱ ባዮሱ ላይ አለ፤ ያለ አክቲቬተር ጫንልኝ» በሉ። ጥሩ ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል።

ዊንዶውስ 10 አብቅቷል ይባላል። ላፕቶፔ 11ን አይቀበልም።

መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከሞላ ጎደል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ እዚህ ገበያ ላይ ካለው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙው ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ማይክሮሶፍት የማራዘሚያ አፕዴት አዘጋጅቷል፤ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን እዚያ ባክአፕ ካደረጋችሁ ያለ ክፍያ ትመዘገባላችሁ። ዲፌንደር ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ 2028 ስለ አዳዲስ ቫይረሶች መረጃ ያገኛል። ይህ ግን የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንም።

ኮምፒውተሩ ለብራውዘር፣ ለፊልምና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሄዳል፤ ነፃ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ግን ቶሎ ውጡ፤ ድጋፉ በ2020 ነው የቆመው።

ሁለት አንቲቫይረስ ቢኖረኝ የበለጠ አይጠብቀኝም?

አይጠብቅም። ይጣላሉ፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል። ሌላ ስትጭኑ ዲፌንደር ራሱ ቦታ ይለቃል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ ተጭኖ የሚመጣው ጊዜው ካለፈ ሙሉ በሙሉ አንሱት፤ ዲፌንደር ይመለሳል። ጊዜው ያለፈበትን ይዞ ዓመት መቀመጥ ከሁሉም የከፋ ነው።

ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው። ቫይረስ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። 4 ጊጋባይት ራምና የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ያለ ቫይረስም ይቀረፍፋል። ኤስኤስዲ (ፈጣኑን አዲስ ዓይነት ዲስክ) አስገቡለት።

ሌላ ኩባንያ የግድ እፈልጋለሁ ብል?

ክልከላ የለም። ግን የምታስገቡት ነገር በኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ሁሉ የማየት ሥልጣን እንደሚያገኝ እወቁ። አቫስት የተባለው ታዋቂ ነፃ አንቲቫይረስ የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ጉብኝት መረጃ በሥሩ በነበረ ኩባንያ በኩል ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ካስፐርስኪን ከገበያዋ አግዳለች፤ እዚህ አገር ላለ ሰው እገዳው አይመለከተውም። ሐምሌ 2024 ላይ ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀው አውሮፕላን ሁሉ ቆሟል። የምትጭኑት ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከገዛችሁ ደግሞ የተከፈተ ወይም ለብዙ ሰው የተሸጠ የፈቃድ ቁልፍ አትግዙ። ወር ሳይሞላው ይዘጋል። የአንቲቫይረስ ክራክ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚቀበል ፕሪንት ቤት ወይም ብዙ ኮምፒውተር ያለው ትንሽ ቢሮ ካላችሁ ግን መክፈል ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ከአንድ ቦታ መቆጣጠር ትችላላችሁ።

ማክ፣ ሊኑክስ፣ ስልክ?

ማክ የራሱ ጥበቃ አለው፤ ሊኑክስን በቤት ደረጃ የሚያጠቃ ጥቂት ነው። ክራክ ከጫናችሁበት ግን ማክም አይድንም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ፕሌይ ፕሮቴክት (ፕሌይ ስቶር ውስጥ ያለው የጉግል መርማሪ) አይጥፋ፤ በቴሌግራም የሚላክ የኤፒኬ (.apk፣ የመተግበሪያ መጫኛ) ፋይል ደግሞ አትጫኑ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይውረድ።

አንቲቫይረስ የማይከላከለው ምንድን ነው?

ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚለውን ሰው አይከላከልም። ሽልማት ደርሶሃል ብሎ ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ኮድ የሚያስሞላ ገጽንም ሁልጊዜ አይዝም። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደጋግመን የምንነግራቸው ይህ ይሁን፦ በስልክ የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ ለልጅም ቢሆን። ቴሌግራማችሁ ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ዛሬ አብሩ። ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

«ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» የሚል ገጽ ካያችሁ ዝጉት። ፍላሽ ፕሌየር በ2020 መጨረሻ ተቋርጧል፤ የሚታደስ ነገር የለም።

አንድ ፋይል ጠርጥሬያለሁ። ከመክፈቴ በፊት ማስመርመር እችላለሁ?

ቫይረስ ቶታል የሚባል የጉግል ድረ ገጽ አለ። ፋይሉን ስትጭኑበት በብዙ አሥር አንቲቫይረሶች ያስመረምረዋል፤ ነፃ ነው። መታወቂያ፣ ውል፣ የሕክምና ወረቀት ግን አትጫኑበት። የሚጫነውን ፋይል ሌሎች የደህንነት ድርጅቶች ማየት ይችላሉ።

ተይዣለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ኢንተርኔቱን አቋርጡ። የተሰካ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ንቀሉ። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ገብታችሁ ኦፍላይን የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት ይመረምራል፤ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ያኔ ነው የሚያዘው።

የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፤ ግን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር። ከተያዘው ላይ ከቀየራችሁ አዲሱንም ይወስዱታል። መጀመሪያ ኢሜይሉን፣ ከዚያ ቴሌግራሙን፣ ከዚያ ሌላውን። በቴሌግራም «ዲቫይስስ» ውስጥ የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ።

ፋይላችሁ ከተቆለፈ አትክፈሉ። ከፍለው ያላገኙ ብዙ ናቸው። በ2016 ዩሮፖልና የኔዘርላንድ ፖሊስ ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። የተቆለፈ ፋይል ናሙና ስትሰጡት መክፈቻ ካለው ይነግራችኋል። ዛሬ ባይኖረው ነገ ሊኖረው ስለሚችል የተቆለፉትን ፋይሎች አትደምስሱ፤ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ነገሩ በሕግም ወንጀል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትንም፣ መረጃ ማበላሸትንም ይቀጣል። ገንዘብ ከተወሰደባችሁ ለባንኩ ወዲያው፣ ለፖሊስም በዚያው ቀን አመልክቱ።

ክራክ ጭናችሁ የተያዛችሁ ከሆነ በስካን ብቻ አትመኑ። ሰነዶቻችሁን አውጡና ዊንዶውሱን ከነጭራሹ አዲስ ጫኑ።

ሃርድ ዲስክ ግዙ ብለሃል። እንዴት ነው የምጠቀምበት?

1 ቴራባይት ለብዙ ቤተሰብ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ሰክታችሁ ፎቶውን፣ የትምህርትና የሥራ ፋይሉን ኮፒ አድርጉበት። ሲያልቅ ንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ ፋይል ቆላፊው እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

በጣም የምትሳሱለትን ደግሞ ኢንተርኔት ላይም አስቀምጡ። ጉግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ለሰነድ ይተርፋል። ዊንዶውስ ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል ተጨማሪ ጥበቃም አለ። ስታገኙት ጠፍቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ካበራችሁት የማያውቀው ፕሮግራም ሰነዶቻችሁን እንዳይነካ ይከለክላል። አንዳንዴ ጤነኛ ፕሮግራምም ይከለክላል፤ ያኔ ራሳችሁ ትፈቅዳላችሁ።

በየጥቂት ወሩ ሃርድ ዲስኩን ሰክታችሁ አንድ ሁለት ፋይል ክፈቱበት። ሳይከፈት ዓመታት የተቀመጠ ኮፒ ሲፈለግ አልነበብ ብሎ የቀረባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።